በአሜሪካ ሪጅናል አየር መንገዶች የአብራሪ ቅጥርና የወደፊት ዕጣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የሚመለከተው የአሜሪካ ሪጅናል አየር መንገዶችንና እዚያ ለመቀጠር የሚያስቡ አብራሪዎችን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪጅናል አየር መንገድ ሲባል ምን ማለት ነው?

ትኬቱ የትልልቆቹ አየር መንገዶች፣ የዴልታ፣ የዩናይትድ ወይም የአሜሪካን (አሜሪካን ኤርላይንስ) ነው፤ አውሮፕላኑም በእነሱ ቀለም የተቀባ ነው። አብራሪዎቹንና የበረራ አስተናጋጆቹን ቀጥሮ በረራውን የሚያካሂደው ግን ሌላ ኩባንያ ነው። ስካይዌስት፣ ሪፐብሊክ፣ ኢንቮይ፣ ፒኤስኤ፣ ፒድሞንት፣ ኢንዴቨርና ሆራይዘን ከእነዚህ መካከል ናቸው። ኢንቮይ፣ ፒኤስኤና ፒድሞንት የአሜሪካን አየር መንገድ ንብረት ናቸው፤ ኢንዴቨር የዴልታ፣ ሆራይዘን ደግሞ የአላስካ። ስካይዌስትና ሪፐብሊክ ራሳቸውን ችለው የቆሙና ከአንድ በላይ ከሆኑ ትልልቅ አየር መንገዶች ጋር ውል ያላቸው ናቸው።

በአብዛኛው ውል የበረራ ፕሮግራሙን የሚያወጣው፣ ትኬቱን የሚሸጠውና የነዳጁን ወጪ የሚሸከመው ትልቁ አየር መንገድ ነው። ሪጅናሉ በረራውን ስላካሄደ የተወሰነ ክፍያ ያገኛል እንጂ የራሱ የሚለው ተሳፋሪ የለውም። ስለዚህ ውሉ ሲሄድ ኩባንያውም ይሄዳል። ኮምኤር በ2012፣ ኮምፓስና ትራንስ ስቴትስ በ2020 ተዘግተዋል፤ ኤክስፕረስጄትም በዚያው ዓመት የዩናይትድን ውል ካጣ በኋላ አላገገመም። ሥራ ሲፈልጉ የሚቀጥርዎትን ኩባንያ ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ውል መመርመር ያለብዎት ለዚህ ነው።

የአብራሪ እጥረት አለ ይባላል። ታዲያ ለምን አይቀጥሩም?

እጥረቱ እውነት ነበር፤ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ዓይነት ግን አልነበረም። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ትልልቆቹ አየር መንገዶች ብዙ አንጋፋ አብራሪዎችን ጥቅማ ጥቅም ሰጥተው ከጊዜው ቀደም ብሎ በጡረታ አሰናበቱ። ተሳፋሪው ከተጠበቀው ፈጥኖ ሲመለስ የጎደለውን ወንበር የሞሉት በአመዛኙ ከሪጅናሎች እየወሰዱ ነው። በ2022 ከ13,000 በላይ፣ በ2023 ደግሞ ከ12,000 በላይ አብራሪ ቀጠሩ። በ2024 ቁጥሩ ወደ 5,000 ገደማ ወረደ።

ያን ጊዜ የጠፋው አውሮፕላን እንጂ ተሳፋሪ አልነበረም። በጃንዋሪ 2024 የአላስካ 737 ማክስ 9 አየር ላይ እያለ የበር መዝጊያው ተገንጥሎ ከወደቀ በኋላ፣ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ከዚህ በኋላ ኤፍኤኤ) የቦይንግን የ737 ምርት በወር 38 ላይ ገደበው። በሌላ በኩል የፕራት ኤንድ ዊትኒ ጂቲኤፍ ሞተሮች ለምርመራ እየተነቀሉ ብዙ ኤርባስ ኤ320ኒዮዎች መሬት ላይ ቆሙ። ስፒሪት አየር መንገድም አብራሪዎችን አሰናብቶ በኖቬምበር 2024 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። አውሮፕላን ካልመጣ አብራሪ አይቀጠርም፤ ትልልቆቹ ካልቀጠሩ ደግሞ ሪጅናሎች ላይ ክፍት ቦታ አይፈጠርም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በ2022 ሪጅናሎች አውሮፕላን ያቆሙት በዋናነት ካፒቴን ስላለቀባቸው ነው። ትልልቆቹ ልምድ ያለውን መርጠው ሲወስዱ ረዳት አብራሪው ወንበሩ ላይ ቀረ፤ ብቻውን ደግሞ አይበርም። በ2024 ነገሩ ተገለበጠ። ካፒቴኖቹ መሄድ ሲያቆሙ የረዳቶቹ ወንበር ሞላ፣ ሥራ ተሰጥቷቸው የነበሩ ሰዎችም የሥልጠና ቀናቸውን ለወራት ጠበቁ።

ቦይንግ በ2024 ባወጣው ትንበያ ዓለም በ20 ዓመት ውስጥ 674,000 አዲስ አብራሪ ያስፈልጋታል ይላል። ቁጥሩን የበረራ ትምህርት ቤቶች በየማስታወቂያው ይደግሙታል። ትንበያው ግን የመላው ዓለም ነው፣ ዘመኑ ሃያ ዓመት ነው፣ ያወጣውም አውሮፕላን ሻጭ ነው። እርስዎ ሰዓትዎን በሚጨርሱበት ዓመት ቅጥር ይኖር እንደሆነ አይነግርዎትም። ይልቅ ሁለት ነገር ይከታተሉ፦ ትልልቆቹ በየወሩ ስንት አብራሪ ወደ ሥልጠና እያስገቡ እንደሆነና፣ ያሰቡት ሪጅናል ላይ በቅርቡ ካፒቴን የሆነው ሰው ከተቀጠረ ስንት ጊዜው እንደሆነ። ሁለተኛው ሲያጥር በሩ እየተከፈተ ነው፤ ሲረዝም ወረፋው እየተጠራቀመ ነው።

1,500 ሰዓት የሚለው ሕግ ከየት መጣ?

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 የኮልገን ኤር በረራ 3407፣ ኪው400 አውሮፕላን፣ ቡፋሎ አጠገብ ወድቆ አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 49 ሰዎችና ምድር ላይ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። የሟች ቤተሰቦች ባደረጉት ትግል ኮንግረስ በ2010 ሕግ አወጣ፤ ከ2013 ጀምሮ የአየር መንገድ ረዳት አብራሪም እንደ ካፒቴኑ ኤቲፒ የሚባለው ከፍተኛው የአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ እንዲኖረው ግድ ሆነ። ከዚያ በፊት 250 ሰዓትና የንግድ አብራሪ ፈቃድ በሕግ ደረጃ ይበቃ ነበር።

የበረራ 3407 ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። የሰዓቱ ቁጥር እስከ ዛሬ የሚያከራክረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ሕጉ ይለወጣል ብሎ ማቀድ አያዋጣም፤ ቤተሰቦቹም የአብራሪዎች ማኅበሩም አጥብቀው ይከላከሉታል።

ከ1,500 በታች መግባት ይቻላል?

የተገደበ ኤቲፒ በሚባለው ይቻላል። ለወታደራዊ አብራሪ 750 ሰዓት ነው። ኤፍኤኤ ከፈቀደለት ዩኒቨርሲቲ በአቪዬሽን በዲግሪ ተመርቆ 60 ክሬዲት ላሟላ 1,000፣ በዲፕሎማ ደረጃ 30 ክሬዲት ላሟላ 1,250 ነው። ዕድሜ ቢያንስ 21 መሆን አለበት፤ ለሙሉ ኤቲፒ 23።

ብዙዎችን ያሳዘነው ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። በዩኒቨርሲቲ በኩል የሚገኘው ቅናሽ የኢንስትሩመንት (ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ የመብረር) እና የንግድ ፈቃዱ ሥልጠና በዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ ኤፍኤኤ ባጸደቀው የክፍል 141 ፕሮግራም ውስጥ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ለማፋጠን ወይም ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ በክረምት ውጭ ባለ ትምህርት ቤት የንግድ ፈቃዱን የጨረሰ ተማሪ 500 ሰዓቱን እንዳጣ የሚያውቀው ከተመረቀ በኋላ ነው። ከመዛወርዎ በፊት ዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ።

1,500 ሰዓት ሞልቻለሁ፤ አልተሟላም ተባልኩ። ምን ጎድሎ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ከጠቅላላው ውስጥ ያሉት ንዑስ ቁጥሮች ናቸው። 500 ሰዓት የአገር አቋራጭ በረራ (ለተገደበ ኤቲፒ 200)፣ 100 ሰዓት የማታ፣ 75 ሰዓት የኢንስትሩመንት፣ 50 ሰዓት ባለሁለት ሞተር፣ 250 ሰዓት አዛዥ ሆኖ የተበረረ ያስፈልጋል።

የበረራ አስተማሪ ሆነው ሰዓት የሚያጠራቅሙ ሰዎች የሚያጥራቸው ኢንስትሩመንቱ ነው። ተማሪው ዓይኑን የሚጋርድ ቆብ አድርጎ ሲበር የኢንስትሩመንት ሰዓት የሚመዘግበው ተማሪው ነው፤ አስተማሪው ውጭውን እያየ ስለሆነ አይመዘግብም። አስተማሪው የሚመዘግበው እውነተኛ ደመና ውስጥ ሲገቡ ብቻ ነው። ፀሐያማ በሆነ ግዛት ሁለት ዓመት አስተምሮ 45 ሰዓት ላይ የቀረ ሰው ብርቅ አይደለም። ከ600 ሰዓት ጀምሮ በየወሩ ሁለትና ሦስት ሰዓት ከሌላ አስተማሪ ጋር እየተቀያየሩ በቆብ መብረር፣ መጨረሻ ላይ 30 ሰዓት በገንዘብ ከመግዛት ይሻላል። ከ75ቱ 25 ያህሉን በሲሙሌተር (በበረራ ማስመሰያ) መሙላትም ይፈቀዳል።

በአገር አቋራጭ ላይ ደግሞ ሰዎች የራሳቸውን ሰዓት ራሳቸው ይጥላሉ። ለንግድ ፈቃድ የሚቆጠረው ከመነሻው ከ50 ኖቲካል ማይል በላይ ርቆ ማረፍን ይጠይቃል። ለኤቲፒ ግን ማረፍ አያስፈልግም፤ ከ50 ማይል በላይ ቀጥታ ርቀት ሄዶ መመለስ ይበቃል። በሎግቡክዎ (የበረራ ሰዓት መዝገብዎ) ላይ ለዚህ የተለየ ዓምድ ይክፈቱ። በእያንዳንዱ መስመር ማረፊያ ባይኖርም የደረሱበትን ነጥብ ስም ይጻፉ፤ “አካባቢ በረራ” ብቻ ተብሎ የተጻፈ መስመር ላይ በኋላ ማስረጃ አይገኝም።

ሎግቡክ በቃለ መጠይቅ ቀን ይታያል። የገጽ ድምር የማይገጥም፣ ያለ ምክንያት የተሰረዘ፣ ከማመልከቻው ጋር የማይስማማ ከሆነ ሰዓትዎ ትክክል ቢሆንም ጥርጣሬ ይፈጥራል። ወረቀቱንና ኤሌክትሮኒኩን እያመሳከሩ በየወሩ ይደምሩ።

ከዜሮ ተነስቶ ስንት ያስወጣል? ስንት ጊዜስ ይፈጃል?

እስከ አስተማሪነት ፈቃድ ድረስ ከ80,000 እስከ 120,000 ዶላር አካባቢ ያስቡ። ለግል አብራሪ ፈቃድ የሕጉ ዝቅተኛ 40 ሰዓት ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ከ60 በላይ ይበራል፣ ስለዚህ በ40 ሰዓት የተሰላ ዋጋ ሲያዩ ቢያንስ ግማሹን ይጨምሩበት። በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ የሚበር ሰው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል፣ ከዚያ በአስተማሪነት ሰዓት ለመሙላት ሌላ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ይፈጃል። ቅጥር ሲቀዘቅዝ ግን አስተማሪዎቹ ቦታቸውን ስለማይለቁ የአስተማሪነት ሥራ ራሱ ይጠፋል፤ ለዚህ ጊዜ የፎቶ ቅየሳ፣ የቧንቧ መስመር ቅኝትና ፓራሹት ዘላዮችን ማውጣት አማራጭ ናቸው።

ገንዘቡን በሙሉ ቀድሞ ለትምህርት ቤት መክፈል አንመክርም። ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ የተከፈለ ገንዘብም አብሮ ይቀራል። በየደረጃው ይክፈሉ።

ከሁሉም በፊት ምን ላድርግ?

የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ማረጋገጫ ያውጡ። ለግል አብራሪ ሦስተኛ ደረጃ ይበቃል ቢሉዎትም፣ 90,000 ዶላር ከወጣ በኋላ መከልከልን ከማወቅ መጀመሪያ ማወቅ ይሻላል። ቀድሞ ለትኩረት ማነስ መድኃኒት የወሰደ፣ የድብርት መድኃኒት የሚጠቀም፣ ራሱን የሳተ ወይም የልብ ችግር የነበረበት ሰው ሐኪሙ ጋር ቀርቦ ፎርሙን ከማስገባቱ በፊት የአቪዬሽን ሐኪም ቢያማክር ይጠቀማል፤ ፎርሙ ከገባ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ብዙዎቹ ጉዳዮች በልዩ ፈቃድ ያልፋሉ፣ ግን ወራት ይወስዳሉ። መደበቅ ግን ወንጀል ነው፤ ሲገኝም ሁሉንም ፈቃድ ያስነጥቃል።

ማረጋገጫው ከ40 ዓመት በታች ላለ በየ12 ወሩ፣ 40 ለሞላው በየስድስት ወሩ ይታደሳል። ጠጥቶ በማሽከርከር ቅጣት የደረሰበት አብራሪ በ60 ቀን ውስጥ ለኤፍኤኤ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ሐኪሙ ፊት መናገር ይህን አይተካም። ማሪዋና በሚኖሩበት ግዛት ቢፈቀድም ለአየር መንገድ አብራሪ ክልክል ነው።

ቼክራይድ (የበረራ ፈተና) ወድቄያለሁ። ተስፋ አለኝ?

አንድ ወይም ሁለት ውድቀት በር አይዘጋም። ኩባንያዎቹ መረጃውን ከኤፍኤኤ የአብራሪዎች መዝገብ ስለሚያገኙት በማመልከቻው ላይ በትክክል ይጻፉት፤ የሚያስከለክለው ከውድቀቱ ይልቅ መደበቁ ነው። ሲጠየቁ የትኛው ክንውን ላይ እንደወደቁ፣ ለምን እንደሆነ፣ ምን እንደለወጡ በሦስት አረፍተ ነገር ይመልሱ። ፈታኙን አይውቀሱ። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በተለይ ተመሳሳይ ስህተት ከተደጋገመ ወይም ሁሉም በቅርብ ጊዜ ከሆነ፣ አመልካች በበዛበት ዓመት ወደ ኋላ ያስቀራል።

ቃለ መጠይቁ ላይ ምን ይጠየቃል?

ግማሹ ስለ ባሕርይ ነው፦ ከካፒቴን ጋር ስላለመግባባት፣ ደንብ ስለጣሰ ባልደረባ፣ ጫና ስለበዛበት ቀን። ከእያንዳንዱ ዓይነት እውነተኛ ምሳሌ ይዘው ይሂዱ።

ሌላው ቴክኒካዊ ነው፤ የጄፕሰን ቻርት (የበረራ ካርታ) ተሰጥቶዎት ከላይ እስከ ታች ይተነትናሉ። እነዚህን ሳያስቡ መመለስ አለብዎት፦ የመጠበቂያ ዙር ከፍተኛ ፍጥነት እስከ 6,000 ጫማ 200 ኖት (በሰዓት ኖቲካል ማይል)፣ እስከ 14,000 ጫማ 230፣ ከዚያ በላይ 265፤ ከ10,000 ጫማ በታች 250 ኖት። አማራጭ ማረፊያ የማያስፈልገው ከመድረሻው ሰዓት አንድ ሰዓት በፊትና በኋላ ደመናው ቢያንስ 2,000 ጫማ፣ ዕይታው 3 ማይል ሲሆን ነው። የመውረድ ስሌትም ይመጣል። ከ24,000 ወደ 10,000 ጫማ ለመውረድ 14,000 ጫማ መጣል አለብዎት፤ በየሺው ሦስት ማይል፣ ማለትም 42 ማይል ቀድመው ይጀምራሉ። የምድር ፍጥነትዎ 300 ኖት ከሆነ በአምስት አባዝተው በደቂቃ 1,500 ጫማ ይወርዳሉ። ስሌቱን በአፍዎ እየተናገሩ ይሥሩት፤ ጠያቂው ማየት የሚፈልገው አካሄድዎን ነው።

ከተቀጠርኩ በኋላ ያለው ሥልጠና ከባድ ነው? ሰዎች ለምን ይወድቃሉ?

ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ ኤቲፒ-ሲቲፒ የሚባለው ኮርስ፣ 30 ሰዓት ክፍል ውስጥና 10 ሰዓት ሲሙሌተር፣ ብዙ ጊዜ በኩባንያው ወጪ፤ ያለ እሱ የኤቲፒ የጽሑፍ ፈተና መቀመጥ አይቻልም። ከዚያ የኩባንያው ደንብ፣ የአውሮፕላኑ ሲስተሞች፣ የማይንቀሳቀስ ሲሙሌተር፣ የሚንቀሳቀስ ሲሙሌተር፣ ቼክራይድ። ካለፉ በኋላ ከአሠልጣኝ ካፒቴን ጋር ተሳፋሪ ጭነው ቢያንስ 25 ሰዓት ይበራሉ። በ120 ቀን ውስጥም 100 ሰዓት መሙላት አለብዎት። ቅጥር በበዛባቸው ወራት ረዳቶች ይህን 100 ሰዓት ሳይሞሉ ቀኑ እያለፈባቸው ወደ ሲሙሌተር ተመልሰዋል፤ ሰዓትዎ እየዘገየ ከመሰለዎት ለፕሮግራም ክፍሉ ቀድመው ያመልክቱ።

አብዛኛው የሚወድቀው በአቅም ማነስ አይደለም። ሲሙሌተሩ ቀን ላይ ፍሎው (በቃል የሚሠራ የማብሪያ ማጥፊያ ቅደም ተከተል)፣ ገደቦችና በቃል የሚታወቁ የአደጋ ጊዜ እርምጃዎችን ገና እያጠና ይመጣል። አሠልጣኙ ሞተር ሲያጠፋበት አእምሮው ማብሪያ ማጥፊያ ፍለጋ ላይ ይሆንና አውሮፕላኑን የሚያበር ሰው ይጠፋል። የኮክፒቱን ሥዕል በትልቁ አሳትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ወንበር ፊቱ አድርገው ይቀመጡ፤ እጅዎን እያንዳንዱ ማብሪያ ላይ እያሳረፉ ስሙን ጮክ ብለው ይናገሩ። ከላይኛው ፓነል እስከ ታችኛው ያለ ማቆም በተከታታይ አሥር ጊዜ እስኪወጣ ድረስ። ሁለተኛው ድክመት የአስተማሪዎች ነው፦ ለሁለት ዓመት ተማሪ ሲመለከቱ የራሳቸው የኢንስትሩመንት አያያዝ ይዶለዱማል። ሥልጠናው ሊጀመር አንድ ወር ሲቀረው አምስትና ስድስት ሰዓት ያለ አውቶፓይለት፣ ያለ ፍላይት ዳይሬክተር (አቅጣጫ ጠቋሚው መሣሪያ) ይብረሩ።

ደመወዙ አሁን እንዴት ነው?

ከአሥር ዓመት በፊት የአንደኛ ዓመት ረዳት በሰዓት ሃያዎቹ ዶላር ውስጥ ይከፈለው ነበር። በ2022 የአሜሪካን ሦስቱ ሪጅናሎች የመነሻውን ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር ሲያደርሱት ሌሎቹም ተከተሉ። በወር 75 ሰዓት ዋስትና ሲሰላ በዓመት 81,000 ዶላር ይሆናል። የሚከፈለው ግን አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት እስከ መድረሻው ላለው ጊዜ ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ መጠበቅ፣ ሆቴል፣ ቅድመ በረራ ፍተሻ በዚያ ሰዓት አይቆጠሩም። ለ75 ሰዓት ክፍያ ከቤት የሚርቁበት ጊዜ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው።

የመፈረሚያ ጉርሻ ሲሰጥዎት ውሉን ያንብቡ። አብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ግዴታ አለበት፤ ቀድሞ የሚወጣ ሰው ይመልሳል፣ አንዳንዱ ታክሱ ሳይቀነስ በፊት የነበረውን ሙሉውን።

የትኛውን ኩባንያ ልምረጥ?

የሚኖሩበት ከተማ ላይ መቀመጫ ያለውን። ይህ ከክፍያው ልዩነት ይበልጣል። ሌላ ከተማ ኖሮ ወደ ሥራ በአውሮፕላን የሚመላለስ አብራሪ በወር አራትና አምስት የዕረፍት ቀኑን በመንገድ ያጣል። ተጠባባቂ ሲሆን ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ አየር ማረፊያ መድረስ ስለሚጠበቅበት የመኝታ ቤት ኪራይ ይከፍላል።

ሁለተኛው ሲኒየሪቲ ነው። በአሜሪካ አየር መንገድ ሁሉም ነገር፣ ማለትም የሚበሩት ቀን፣ ዕረፍትዎ፣ አውሮፕላኑ፣ መቀመጫ ከተማው፣ ካፒቴን መሆን፣ በቅነሳ ጊዜ መትረፍ፣ በተቀጠሩበት ቀን ይወሰናል። ኩባንያ ሲቀይሩ ቁጥሩ አብሮዎት አይሄድም፤ የ15 ዓመት ካፒቴን ሌላ ቦታ ሲገባ ከመጨረሻው ይጀምራል። የሥልጠና ቀን ቀርቦልዎት ሠርግ ወይም ጉዞ አለብኝ ብሎ ወደሚቀጥለው ወር ማስተላለፍ ርካሽ ይመስላል። በዚያ ወር መካከል የገቡት 40 ሰዎች ግን እዚያ እስካሉ ድረስ ከፊትዎ ናቸው።

ሦስተኛው ወደ ትልቅ አየር መንገድ የሚያስገባ መንገድ ነው። ኢንቮይ፣ ፒኤስኤና ፒድሞንት ወደ አሜሪካን በተራ የሚያሸጋግር ስምምነት አላቸው። ይህ ዋስትና ያለው ቢሆንም ፍጥነቱን የሚወስነው አሜሪካን በወር ስንት ሰው እንደሚወስድ ነው፤ በፍጥነት ዘመን በአምስት ዓመት የሄደውን አይተው የእርስዎም እንዲሁ ይሆናል ብለው አይቁጠሩ። የዩናይትድ አቪዬትና የዴልታ ፕሮፔል ደግሞ የምርጫ ፕሮግራሞች ናቸው።

ካፒቴን ለመሆን ምን ያስፈልጋል?

ሙሉ ኤቲፒና በአየር መንገድ ሥራ ውስጥ የተጠራቀመ 1,000 ሰዓት። ረዳቱ በወር 70 ሰዓት ቢበር አሥራ አምስት ወር ማለት ነው። ረዳት በበዛበት ኩባንያ ግን ተጠባባቂ ሆኖ በወር 20 ሰዓት የሚበር አለ፤ ለዚያ ሰው ከአራት ዓመት በላይ ይሆናል። ሲቀጠሩ “አዲስ ረዳት በወር በአማካይ ስንት ሰዓት ይበራል?” ብለው ይጠይቁ። ካፒቴን መሆን ሲደርስዎ ለመጥፎ ፕሮግራም ብለው አይለፉት፤ ትልልቆቹ የሚመለከቱት የአዛዥነት ሰዓትን ነው።

ባለ 50 መቀመጫ አውሮፕላኖች ሊጠፉ ነው? ሪጅናል በረራስ?

ባለ 50 መቀመጫዎቹ እየሄዱ ነው፤ ሪጅናል በረራ ግን አይጠፋም፣ ቅርጹን ይለውጣል። ሲአርጄ200ም ሆነ ኢአርጄ145 ሁለት አብራሪ ይፈልጋል፤ ባለ 76 መቀመጫውም ሁለት። የካፒቴን ክፍያ እጥፍ ከሆነ በኋላ ያን ወጪ ለ50 ተሳፋሪ ማካፈል አያዋጣም። አንደኛ ማዕረግ የሌለው አውሮፕላን ከፍተኛ ከፋይን አያመጣም። የቀሩትም አርጅተዋል።

የወደፊቱን አጥር የሚያበጀው የትልልቆቹ አብራሪዎች የኅብረት ስምምነት ነው። ስኮፕ የሚባለው አንቀጽ፣ ኩባንያው ለሪጅናል አሳልፎ የሚሰጠውን አውሮፕላን ከ76 መቀመጫና ከ86,000 ፓውንድ የመነሻ ክብደት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ በብዛቱም ላይ ጣሪያ አለ። የአብራሪዎቹ አቋም ትክክል ነው ብለን እናምናለን፤ ያ አጥር ባይኖር የትልልቆቹ ሥራ ራሱ ወደ ርካሹ ኩባንያ ይሸጋገር ነበር፣ የሪጅናል አብራሪም የሚደርስበት ቦታ አይኖረውም።

ውጤቱ ግን የገበያውን ምርጫ አጥብቦታል። የኢምብራየር አዲሱ ኢ175-ኢ2 በአዲሶቹ ሞተሮቹ ምክንያት ከ86,000 ፓውንድ ስለሚበልጥ አሜሪካ ውስጥ ገዢ አጥቶ በ2022 ፕሮግራሙ ለጊዜው ቆመ። የሲአርጄ ምርት በ2020 አብቅቶ የመጨረሻው በ2021 ለስካይዌስት ተሰጠ። የሚትሱቢሺ ስፔስጄት በ2023 ተሰረዘ። ሆራይዘን ባለ ፕሮፔለር ኪው400ዎቹን በጃንዋሪ 2023 አሰናበተ። ስለዚህ አዲስ መግዛት የሚቻለው የቀድሞው ኢ175 ነው ማለት ይቻላል፤ አሜሪካን በማርች 2024 ላይ 90፣ ስካይዌስት በጁን 2025 ላይ 60 አዘዋል። ዩናይትድ ደግሞ የሲአርጄ700ን ወንበር ወደ 50 ቀንሶ፣ አንደኛ ማዕረግ ጨምሮ፣ ሲአርጄ550 ብሎ ያሠራል።

ሥራ ሲመርጡ ታዲያ ኩባንያው የኢ175 ውል ስንት ዓመት እንደቀረው ይመልከቱ። በአክሲዮን ገበያ ላይ ያለ ኩባንያ በዓመታዊ ሪፖርቱ የእያንዳንዱን ውል ማብቂያ በሠንጠረዥ ያወጣል፤ ሪፖርቱ ለማንም ክፍት ነው፣ ማንበቡም አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ትናንሽ ከተሞችስ?

የተጎዱት እነሱ ናቸው። በ1978 ገበያው ነፃ ሲወጣ የተቋቋመው የመሠረታዊ አየር አገልግሎት ፕሮግራም ለትናንሽ ከተሞች በረራ ድጎማ ይሰጣል። በማርች 2022 ስካይዌስት በአብራሪ እጥረት ምክንያት ከ29 እንዲህ ያሉ ከተሞች ለመውጣት ማመልከቻ አስገባ። በቀን አራት ጊዜ በ50 መቀመጫ ይሄድ የነበረ መስመር በ76 መቀመጫ ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ ወንበሩ በሩብ ገደማ ሲቀንስ የአብራሪ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል። የትንበያ ቁጥሮችን ስታነቡ ይህን ስሌት አትርሱ።

አንድ አብራሪ ብቻ፣ ወይም ያለ አብራሪ መብረር ይመጣል?

የአሜሪካ ደንብ ለአየር መንገድ በረራ ቢያንስ ሁለት አብራሪ ይጠይቃል። ዛሬ ሥልጠና ለሚጀምር ሰው ይህ ውሳኔውን ሊያስቀይር የሚገባ ስጋት አይደለም።

40 ዓመቴ ነው። ዘግይቻለሁ?

የአየር መንገድ አብራሪ በ65 ዓመቱ ያቆማል፤ ወደ 67 ከፍ ለማድረግ የቀረበው ሐሳብ በ2024 ሕግ ውስጥ ሳይገባ ቀርቷል። በ44 ሪጅናል ቢገቡ 21 ዓመት ይቀርዎታል። ትልቅ አየር መንገድ ላይ ትልቁን አውሮፕላን በካፒቴንነት ለመያዝ ላይደርሱ ይችላሉ፤ ሪጅናል ላይ ካፒቴን ሆኖ ቤት አጠገብ መሥራት ግን ጥሩ ኑሮ ነው።

ዜጋ አይደለሁም፤ ወይም የሌላ አገር ፈቃድ አለኝ። ምን ይሆናል?

ሪጅናሎች ያለ ገደብ አሜሪካ ውስጥ የመሥራት መብት ይጠይቃሉ፤ ግሪን ካርድ ይበቃል፣ የተማሪ ቪዛ አይበቃም። ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር፣ የበረራ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደሩን ማጣሪያ ማለፍ አለበት።

የውጭ ፈቃድ ያለው አብራሪ በቅድሚያ ኦክላሆማ ሲቲ ላለው የኤፍኤኤ የፈቃድ ክፍል ፈቃዱ እንዲረጋገጥለት ያመለክታል። በዚህ መንገድ የሚገኘው የግል አብራሪ መብት ብቻ ነው፤ ለኤቲፒ ኮርሱን፣ የጽሑፍ ፈተናውንና ቼክራይዱን እንደ ማንኛውም ሰው ይወስዳል። የበረራ ሰዓቱ ለ1,500ው ይቆጠርለታል። ለካፒቴንነት የሚያስፈልገው 1,000 ሰዓት ግን በአሜሪካ ደንብ ሥር የተበረረ መሆን ስላለበት፣ በውጭ አየር መንገድ 8,000 ሰዓት የበረረ ካፒቴንም ረዳት ሆኖ ይጀምራል።